ደርቋል ያልኩት ኮርኒስ

ዛሬ እሑድ ነው። ኒውዮርክ ዝግ ነው፣ እህል በረንዳም ጭር ብሏል፤ ስለዚህ የምለጥፈው ዋጋ የለኝም። ግን የማብራራው ነገር አለብኝ። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ዋጋ እየዘለልኩ፣ ስልክ ሳላነሳ ስንቶቻችሁን አስቀይሜያለሁ። አንድ ደንበኛዬማ በነሐሴ መጀመሪያ «የሰው ብር ይዘህ ጠፋህ እንዴ?» ብሎ በድምፅ ላከልኝ። የማንንም ብር አልያዝኩም ወገን። ኮርኒስ እየለሰንኩ ነበር።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ባለ አንድ መኝታ። ግንቦት 28 ሴት ልጅ ተወለደችልን። ሐምሌ 3 ሌሊት፣ ልጅቷ 35 ቀኗ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ እየወረደ ሳለ «ዷ!» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መብራት ሳበራ የኮርኒሱ ልስን ትሪ የሚያህል ወርዶ የሕፃን አልጋዋ ላይ ተከስክሷል። ውፍረቱ ሁለት ጣት ይሆናል። ልጄ እዚያ አልነበረችም። ከሩብ ሰዓት በፊት እናቷ አንስታት እያጠባቻት፣ ሁለቱም እቅፍቅፍ እንዳሉ እኛ አልጋ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ልጅቷን ይዛ ሳሎን ወጣች፣ በሩን ዘጋች። በማግሥቱ «ይሄ ቤት እስኪስተካከል እዚያ ክፍል አትገባም» አለች፤ በቃ።

ምክንያቱ ውኃ ነበር። የላይኛው ቤት መታጠቢያ ከእኛ መኝታ ቤት ጥግ ጋር ይዋሰናል፤ ከሴራሚኩ ሥር ያለው የፍሳሽ መገጣጠሚያ ላልቶ ስንት ጊዜ ሲንጠባጠብ እንደከረመ እግዜር ይወቀው። ጎረቤታችን ጥሩ ሰው ነው፣ ሳይከራከር ቧንቧ ሠራተኛ ጠራ፣ ወጪውን ተካፈልን፣ ሐምሌ 11 ፍሳሹ ቆመ። ይሄን በአጭሩ ያለፍኩት ቀላል ስለነበረ ነው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ክርስትናው ነሐሴ 18 እሑድ ነው፣ ሰማንያኛው ቀን። አማቴ ከደብረ ማርቆስ ይመጣሉ፣ ከእናትና ከልጅ ጋር የሚተኙት መኝታ ቤት ነው። ስለዚህ ቀነ ገደብ አለኝ፤ እንደ ኮንትራት ጭነት ማለት ነው።

የጂፕሰም ባለሙያ ጠራሁ። ወጣት ልጅ ነው፣ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ኮርኒሱን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጎ አዳመጠ። ጠጣር የሚል ቦታ አለ፣ ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ቦታ አለ። እኛ ኬሻ በብረት ወግተን ከመሃሉ ናሙና እንደምናወጣው፣ እሱም ላዩን አላመነም። «ይሄ ሁሉ ለቋል፣ ወርዶ እንደ አዲስ ነው የሚሠራው» አለና በካሬ 500 ብር ጠየቀ፣ እጅ ብቻ። ክፍሉ አሥር ካሬ አይሞላም። እንግዲህ ሥራዬን ታውቁታላችሁ፤ ሰው 500 ሲለኝ 300 ሳልል ምላሴ አያርፍም። 300 አልኩ። 450 አለ። 320 አልኩ። ልጁ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ጨዋ ነው፣ ፈገግ ብሎ «እንግዲያው ወንድሜ፣ ራስህ ሥራው» አለኝና ሄደ።

እኔም ራሴ ልሠራው ወሰንኩ። እውነቱን ልናገርና እልህ ነው። ትንሽም ሐምሌ ላይ እጄ ባዶ ስለነበረ ነው።

በመጀመሪያ ጀሶ ገዛሁ። ጀሶ ስል ፈገግ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እህል በረንዳ ሳድግ ጀሶ የሚባለውን ቃል የሰማሁት ከጤፍ ጋር ነው፤ «ዱቄቱ ውስጥ ጀሶ ጨምረው» የሚለውን ወሬ የማያውቅ እህል ነጋዴ የለም። ከረጢቱን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ የአንደኛ ፎቋ ጎረቤት «ምነው፣ እንጀራ ልትሸጥ ነው?» አለችኝ። ከጎጃም ጤፍ የምታስመጡ ደግሞ ድንጋዩን ራሱን በዓይናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ስትወርዱና ስትወጡ በገደሉ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ንብርብር ውስጥ የጂፕሰም ድንጋይ አለ። ድንጋዩ በተፈጥሮው ውኃ በውስጡ አስሮ የያዘ ነው። ሲፈጭና ወደ 150 ዲግሪ ግድም ሲሞቅ ከያዘው ውኃ ሦስት አራተኛው ይወጣና ዱቄት ይሆናል። እኛ ባልዲ ውስጥ ውኃ ስንሰጠው የተወሰደበትን መልሶ ይጠጣል፣ ይሞቃል፣ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። እጃችሁን ባልዲው ላይ ብታደርጉ ሙቀቱ ይሰማችኋል። እኔ ይሄን የተማርኩት ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ከሆነብኝ በኋላ ነው።

የለቀቀውን ልስን በመሮና በመዶሻ አወረድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ። ክርስትና ለመጥራት ከምሄድባቸው ቤቶች ሁሉ አቧራ ለብሼ የታየሁት ያን ጊዜ ነው። ሲወርድ ሶሌታው ታየ። የእኛ ዓይነት ኮንዶሚኒየም ሶሌታ እንዳለ አንድ ወጥ ኮንክሪት አይደለም፤ ተዘጋጅተው የመጡ ቀጫጭን ቢሞች በረድፍ ተደርድረው በመሃላቸው ባዶ ብሎኬት ገብቶ፣ ከላይ ኮንክሪት የተሞላበት ነው። ኮርኒሳችሁ ላይ ቀጥ ቀጥ ብለው፣ እኩል እየተራራቁ የሚሄዱ ስንጥቆች ካያችሁ ብዙ ጊዜ ቢሙና ብሎኬቱ የሚገናኙበት መስመር ነው። እዚያ ላይ መረብ ሳይለጠፍ ከተለሰነ ስንጥቁ ተመልሶ ይወጣል።

ሐምሌ 20 እሑድ ሥራ ጀመርኩ። ጎረቤት ሁለት በርሜል አዋሰኝ፣ ጣውላ አጋድሜ ፖንቴ ሠራሁ። ነጩን የእንጨት ኮላ በውኃ አቅጥኜ ሶሌታውን ቀባሁ፤ አንድ ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው፣ ጀሶው እንዲይዝ ይረዳል ይላል። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ግማሽ ከረጢት ጀሶ ገለበጥኩና ውኃ አፈሰስኩበት።

ስህተቴን ልቁጠርላችሁ? አንደኛ፣ ዱቄት ላይ ውኃ አይፈስም። ውኃ ይቀድማል፣ ዱቄቱ ላዩ ላይ ይበተናል፣ ጠጥቶ እስኪሰምጥ ይጠበቃል፣ ከዚያ ነው የሚበጠበጠው። የእኔው ከታች ደረቅ ጉብታ፣ ከላይ አጥሚት ሆነ። ሌላው መጠኑ ነው። ግማሽ ከረጢት አንድ ጀማሪ በአንድ ጊዜ ሊለጥፈው አይችልም። የመጀመሪያዋን ካዞላ አንስቼ ወደ ላይ ስለጥፍ ግማሹ ፊቴ ላይ ወረደ። ግድግዳ ሲለሰን የወደቀ እግር ሥር ነው የሚወድቀው፤ ኮርኒስ ግን የሚወድቀው ዓይን ላይ ነው። የሞተር ሳይክል መነጽር ከጎረቤት ልጅ እስክዋስ ዓይኔን ሦስት ጊዜ በውኃ አጠብኩ። ያን ስል ስመለስ ባልዲው ውስጥ ያለው ወፍሯል። ውኃ ጨምሬ አቀጠንኩት፤ ይሄም ሌላው ስህተት ነው፣ መያያዝ የጀመረ ጀሶ በውኃ ቢቀጥን ለጊዜው ይለሰልሳል እንጂ ጥንካሬው ይሞታል። ሁለተኛውን ዙር በዚያው ባልታጠበ ባልዲ በጠበጥኩ። እሱ ደግሞ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ደረቀ። ጀሶው ተበላሽቷል ብዬ ሻጩን በሆዴ ሰደብኩት። ሻጩ ምንም አላደረገም።

ልስኑ ወርዶ የጎደጎደውን ቦታ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሞላሁት። ሁለት ጣት ያህል ነው። ማታ ላይ ቀና ብዬ ሳየው፣ በእውነት፣ ኩራት ተሰማኝ። ነጭ ነው፣ ለሰለስ ያለ ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

«ደርቋል?» አለች።

«ይደርቃል፤ ሶሌታውማ ደርቋል» አልኩ።

ሐምሌ 28 ሌሊት ወረደ። ሳሎን ተኝተን ድምፁን ሰማነው፤ ያው ቦታ፣ ያው «ዷ!»። በማግሥቱ ሳነሳው ከጀርባው ያለው ኮላ እንደ ወተት ገንፎ ላልቷል፣ ሲነካ ይጣበቃል። ነጭ የእንጨት ኮላ ውኃ ሲያገኘው ተመልሶ ይለሰልሳል። ውኃው ከሶሌታው ውስጥ ወጣ፣ ኮላውን አላላ፣ ክብደቱ የቀረውን ሠራ።

ለዚያ ልጅ ደወልኩ። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። ሦስት ነገር ጠየቀኝ።

«ባልዲውን በየዙሩ ታጥበዋለህ?»

«አይ።»

«አሮጌው ቅሪት አዲሱን ያስቸኩለዋል። ባልዲም፣ ካዞላም፣ እጅም ይታጠባል። ስንት ጊዜ ነው የለጠፍከው?»

«አንድ ጊዜ።»

«በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚለጠፈው። የመጀመሪያው ሲይዝ በጥርስ ብረት ይቧጠጣል፣ ሁለተኛው እንዲጨብጥ። ሶሌታውስ ደርቆ ነበር?»

«ደርቋል።»

«በምን አወቅህ?»

መልስ አልነበረኝም። ፍሳሹ ከቆመ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር፣ በእጄ ስነካው እርጥብ አልነበረም፣ ቀነ ገደቤም ደርሷል። ደርቋል ያልኩት እንዲደርቅልኝ ስለፈለግኩ ነው።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ሥራ ልመለስ፣ ምክንያቱም «በምን አወቅህ?» የሚለው ጥያቄ ያን ቀን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም አልለቀቀኝም። የካቲት 2017ን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ኒውዮርክ ላይ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ያልታየ ቦታ የወጣበት ወር ነው። ብሩም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ነው፤ ሁሉም ሰው ዛሬውኑ ካልጫንኩ የሚልበት ጊዜ ነበር። አንድ የጉጂ አቅራቢ ነበሩኝ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ። ያልታጠበ ቡና፣ አልጋ ላይ እየደረቀ። ላኪው በየሰዓቱ ይደውልልኛል፣ እኔ ለእሳቸው እደውላለሁ። «ልጄ፣ አራት ቀን ፀሐይ ይቀረዋል» አሉኝ። ቡናውን አላየሁትም፣ አልነካሁትም፣ በጥርሴ አልነከስኩትም፤ አዲስ አበባ ሆኜ «አባቴ፣ ደርቋል፣ ይጫን፤ ዋጋው ነገ ላይኖር ይችላል» አልኳቸው። ላኪውንም «ደርቋል» አልኩት። ሲደርስ እርጥበቱ ሲለካ ከ13 በላይ ሆነ። ሸራ ላይ እንደገና ተሰጣ፣ ቀለሙ ወየበ፣ ከፊሉ ሸተተ፣ ዋጋው ተቀነሰ። የተቀነሰው ከእሳቸው ነው። እኔ ኮሚሽኔን ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ አልደወልኩላቸውም፤ እሳቸውም አልደወሉም።

ይሄን እዚህ ቻናል ላይ ተናግሬው አላውቅም። ያን ሰሞን የጻፍኩትን ተመልሳችሁ ብታዩ «ዕድሉ እንዳያመልጣችሁ» የሚል ነው።

ወደ ኮርኒሱ። ልጁ አንድ ቀላል መለኪያ ነገረኝ። ነጭ ፌስታል በክንድ ልክ ትቆርጣለህ፣ ሶሌታው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ግጥም አድርገህ ትለጥፈዋለህ፣ ሌሊቱን ታሳድረዋለህ። ጠዋት ከፌስታሉ ጀርባ ጤዛ ካለ ውኃው ገና እየወጣ ነው። ሐምሌ 30 ጠዋት ጤዛው ቁልቁል ይንጠባጠብ ነበር። ነሐሴ 3 ላይም አለ። ነሐሴ 6 ቀጭን ላብ። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ መስኮት ቢከፈት ከውጭ የሚገባው አየርም እርጥብ ነው። ጎበዝ ነኝ ብዬ ከሰል ላቀጣጥል አልኩ። ባለቤቴ «ሕፃን ባለበት ቤት? ከሰል?» አለች። እውነቷን ነው፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ከሰል ስንት ሰው ጨርሷል። መስኮቱን ከፍቼ፣ የተዋስኩትን አየር ማራገቢያ ወደ ሶሌታው አዙሬ መጠበቅ ሆነ። ዋጋ ሳልለጥፍ የቀረሁት፣ ስልክ ያላነሳሁት በእነዚህ ቀናት ነው። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። አንድ ሰው ደውሎ «ደርሷል ወይ?» ሲለኝ ምን እንደምለው ማሰብ አስጠልቶኝ ነው።

ነሐሴ 10 ፌስታሉ ደረቅ ሆኖ አደረ። ነሐሴ 11 እሑድ እንደገና ጀመርኩ። ሶሌታውን በመሮ ጭሬ አሻከርኩት፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩ። የእንጨት ኮላውን ተውኩት፤ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ አሸዋ የመሰለ ነገር ያለበት መቀቢያ አለ፣ እሱን ቀባሁ። በቢሞቹ መስመር ላይ መረብ ለጠፍኩ። ከዚያ ትንሽ ትንሽ ጀሶ፣ ከሦስት ሊትር የማይበልጥ ውኃ በየዙሩ፣ ዱቄቱ ከላይ እየተበተነ። በየዙሩ መሃል ባልዲ ማጠብ። ብታምኑም ባታምኑም ከሥራው ግማሹ ባልዲ ማጠብ ነው። የመጀመሪያው ንብርብር ስስ፤ ሲይዝ በአሮጌ ሹካ ቧጠጥኩት፤ በሚቀጥለው ቀን ሁለተኛው። የአሉሚኒየም ቱቦላሬ እየጎተትኩ ጉብታውን ላጨሁ፤ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ነው የሚሠራው፣ አንገቴ እስካሁን ሙሉ አይዞርም። ማለስለሻ ብረቱን አዘንበል አድርጎ፣ ሳይጫኑ፣ ጀሶው ሊይዝ ሲል፣ ሳይይዝ ገና። ያቺ ጊዜ አምስት ደቂቃ ብትሆን ነው። ቀድመህ ብትነካው ይከተልሃል፣ ዘግይተህ ብትነካው ይፈርሳል። ለዚች አምስት ደቂቃ ነው ልጁ በካሬ 500 የጠየቀኝ፤ እኔ ጀሶ መለጠፍ ብቻ መስሎኝ ነበር።

መጋዘን ያላችሁ፣ እግረ መንገዴን፦ ጀሶ እርጥበት አይወድም። ጣሪያው የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ጀሶ አስለስናችሁ ውኃውን የደበቃችሁ እንዳይመስላችሁ፤ መጀመሪያ ጣሪያው። ቡናው ላይ የሚወርደው ውኃ ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ።

የቀረው ቀለም ነበር። ነሐሴ 15 የፍልሰታ ጾም አበቃ፣ 16 አማቴ ገቡ። ባለቤቴ ቀለሙን ገዝታ አስቀምጣለች፣ እንግዳ ይመጣል፣ ኮርኒሱ ደግሞ እርጥቡ ጠቆር፣ ደረቁ ነጣ ብሎ የላም ቆዳ መስሏል። አንድ ቀን ነው የሚፈጀው ቀለም መቀባት። አርብ ማታ ፌስታል ለጠፍኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጤዛ አለው።

«አይቀባም» አልኩ።

«ሰው ምን ይላል?» አለች ባለቤቴ።

አማቴ ከታች ሆነው ቀና ብለው አዩት። «ሰው የሚመጣው ልጅቷን ሊያይ ነው» አሉና ወደ ወጥ ቤት ሄዱ።

ክርስትናው ሆነ። የመጣው ሰው ሁሉ ቀና አለ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ጠየቀ፣ አንዱ ላኪ ጠላውን እንደያዘ «ይሄ ኮርኒስ ስንተኛ ደረጃ ነው የሚወጣው?» ብሎ አሳቀብኝ። ያን ምሽት ልጄ ከአያቷና ከእናቷ ጋር እዚያ ክፍል አደረች። እኔ ሳሎን ሆኜ እስኪነጋ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። ምንም አልወረደም።

ከሳምንት በኋላ ለጉጂው ሽማግሌ ደወልኩ። ስልኩን ካነሱ በኋላ ምን ብዬ እንደምጀምር አላዘጋጀሁም ነበር። ሰላምታው ረዘመ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው አያያዝ። ልጅ መውለዴን ስነግራቸው መረቁኝ። ከዚያ በየካቲት ስላደረግኩት ነገር ተናገርኩ፣ ያለ ኮርኒሱ ታሪክ፣ በአጭሩ፤ «ሳላየው ደርቋል ያልኩት እኔ ነኝ፤ የተቀነሰው ዋጋ ከእርስዎ መሆን አልነበረበትም» አልኩ። ኮሚሽኔን ከዘንድሮው ሒሳብ እንደማቻችል ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ዘንድሮ ስንት ቀን ትሰጠኛለህ?» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎ እስኪሉኝ።»

«እናያለን» አሉኝ። እሺም አላሉኝ፣ እንቢም አላሉኝ። ለሌላ ደላላ እንደሚሰጡ ከሰማሁ አይገርመኝም።

ኮርኒሱ ላይ ትናንት ማታ ፌስታል ለጥፌ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ደረቅ ነው። ጧት ፀሐይ በመስኮቱ በጎን ስትገባ አንድ ጉብታ ይታያል፣ ከበሩ በላይ፣ እሱ ይቅር ብያለሁ። ከሰዓት በኋላ ቀለም እቀባለሁ፤ ስለዚህ ዛሬም ስልክ አላነሳም። የሰኞ ዋጋ በተለመደው ሰዓት ይለጠፋል።